ሦስት ዓመት የዘገየች አንዲት ዓረፍተ ነገር

በታኅሣሥ 2015 በሳን ሳልቫዶር የሚገኘው የአሜሪካ ቆንስላ የአንድን ባል የቪዛ ማመልከቻ ውድቅ አደረገ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለክልከላው የተጠቀሰው የአንድ ሕግ አንቀጽ ቁጥር ነበር። ቁጥሩን ይዞ ሕጉን የገለጠ ሰው የሚያገኘው ይህን ነው፦ አመልካቹ ወደ አሜሪካ የሚገባው በዋናነትም ይሁን እግረ መንገዱን የተወሰኑ ወንጀሎችን ወይም «ማንኛውንም ሌላ ሕገ ወጥ ድርጊት» ለመፈጸም ነው ብሎ የቆንስላው መኮንን ካወቀ፣ ወይም እንዲህ ብሎ ለማመን የሚያበቃ መነሻ ካለው፣ ቪዛ አይሰጥም። የትኛው ድርጊት? መቼ የተፈጸመ? ከምን ተነሥቶ? ስለዚህ የተባለ ነገር የለም።

የባልየው ሚስት ሳንድራ ሙኞዝ የአሜሪካ ዜጋ ናቸው፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለሠራተኞች መብት የሚከራከሩ ጠበቃ። ክርክራቸው በሰኔ 2024 በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ አግኝቷል፤ መዝገቡም በስማቸው ይጠራል። የባለቤታቸውን ስም ግን እዚህ አላነሣም። የተጣለባቸው ጥርጣሬ ከባድ ነው፤ ምስክር ተሰምቶበትና ተከራክረውበት የተረጋገጠ ነገርም አይደለም።

ስለ ትዳር ጓደኛ ቪዛ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የወረቀት ነገር ነው። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ተተርጉሟል ወይ? ስፖንሰር የሚሆነው ሰው ገቢ ይበቃል ወይ? ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን የሚያሳዩ ፎቶግራፎችና የጋራ የባንክ ሒሳብ ተያይዘዋል ወይ? እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። የሙኞዝ ጉዳይ ግን ወረቀት የጎደለበት ታሪክ አይደለም። ማመልከቻውን የምትከታተለው ሚስት ራሷ የሕግ ባለሙያ ናት፤ ትዳሩን የተጠራጠረም አልነበረም። ይህ ሁሉ ሆኖ ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። እንዴት እንደሆነ ደረጃ በደረጃ መከታተል ይጠቅማል።

የመውጣቱ እርምጃ

ባልየው የኤል ሳልቫዶር ዜጋ ናቸው። አሜሪካ የገቡት በ2005 ነው። በ2010 ከወይዘሮ ሙኞዝ ጋር ተጋቡ፤ ልጅ ወለዱ፤ ልጃቸውም የአሜሪካ ዜግነት አለው። በአሜሪካም ሆነ በትውልድ አገራቸው የወንጀል ሪከርድ እንደሌለባቸው ባልና ሚስቱ ለፍርድ ቤት አስረድተዋል።

የዜጋ የትዳር ጓደኛ በመግቢያ ኬላ ተመርምሮ የገባ ከሆነ፣ በሕጉ መሠረት ግሪን ካርዱን እዚያው አሜሪካ ሆኖ መጠየቅ ይችላል። ሳይመረመር የገባ ግን በአብዛኛው ወደ አገሩ ተመልሶ በቆንስላ በኩል ማለፍ አለበት። ባልየው ከሁለተኛዎቹ ወገን ነበሩ። እዚህ ላይ ደግሞ በ1996 የወጣ ሕግ መንገዱን ይዘጋል። ያለ ፈቃድ ከ180 ቀን በላይ ቆይቶ የወጣ ሰው ለሦስት ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ደግሞ ለአሥር ዓመት ተመልሶ እንዳይገባ ይታገዳል። እገዳው መሥራት የሚጀምረው ሰውየው ከአገር ሲወጣ ነው፤ ቪዛውን ለማግኘት ደግሞ መውጣት ግድ ነው። ስንት ባልና ሚስት በዚህ ምክንያት ማመልከቻቸውን ሳያንቀሳቅሱ ዓመታት እንዳሳለፉ በጉዳዩ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህን ችግር ለማቃለል በ2013 ጊዜያዊ ይቅርታ የሚባል አሠራር ተጀመረ። ቅጹ አይ-601ኤ ይባላል። አመልካቹ ገና አሜሪካ እያለ ያለ ፈቃድ የመቆየቱ እገዳ እንዲነሣለት ይጠይቃል፤ እሱ ከአጠገቧ ቢለይ ዜጋ የሆነችው ሚስቱ ከባድ ችግር ላይ እንደምትወድቅ በማስረጃ ያሳያል። ከተፈቀደለት ይወጣል፣ ቃለ መጠይቁን ያደርጋል፣ ቪዛውን ይዞ ይመለሳል። የሙኞዝ ቤተሰብ ይህንን መንገድ በሥርዓቱ ሄዶበታል። የቤተሰብነት ማመልከቻው፣ ማለትም ቅጽ አይ-130፣ ጸደቀ። ይቅርታውም ተፈቀደ። በሚያዝያ 2015 ባልየው ወደ ኤል ሳልቫዶር ተጓዙ፤ በግንቦት መጨረሻም ለመጀመሪያ ጊዜ ቆንስላው ፊት ቀረቡ።

ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፈው ነገር እዚህ ላይ ነው። ጊዜያዊው ይቅርታ የሚሸፍነው ያለ ፈቃድ የመቆየትን ነገር ብቻ ነው። የቆንስላው መኮንን በሌላ አንቀጽ መከልከል አለበት ካለ፣ የተሰጠው ይቅርታ በራሱ ጊዜ ይሻራል፤ የተነሣው እገዳም ተመልሶ ይተከላል። ስለዚህ ይቅርታ ያገኘ ሰው «ችግሬ ተፈታ» ብሎ ሲወጣ፣ በእጁ የያዘው የአንዱን በር ቁልፍ ብቻ ነው። ከሌላው በር ጀርባ ምን እንዳለ የሚያውቀው ከወጣ በኋላ፣ መመለሻው ከተዘጋበት በኋላ ነው። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ሊታረም የማይችለው እርምጃ ያ ጉዞ ነበር። ጉዞው ደግሞ ስህተት አልነበረም፤ ሕጉ ራሱ «ሂድ» ያለው ነው።

ንቅሳቶቹ

ባልየው ሰውነታቸው ላይ ንቅሳት አለ። የጓዳሉፔዋ ድንግል ማርያም ምስል፣ በቴአትር ቤት የሚታዩት የሚስቀውና የሚያለቅሰው ጭንብል፣ የሥነ ልቦና ሊቁ የሲግመንድ ፍሮይድ ፊት። ቆንስላው ቃለ መጠይቁን ከአንድ ጊዜ በላይ አድርጎ ክልከላውን ሲጽፍ ንቅሳት የሚል ቃል አልጠቀሰም። ባልና ሚስቱ ግን የቀረውን ሁሉ አውጥተው አውርደው እዚያ ላይ ደረሱ። ኤምኤስ-13 የሚባለው የወሮበሎች ቡድን አባል ናቸው ተብለው ተጠርጥረው ይሆን? ግምታቸው ልክ እንደነበር ኋላ ተረጋገጠ። ያኔ ግን ግምት ብቻ ነበር።

እስቲ የሥራውን ዓይነት አስቡት። ያልተነገረህን ክስ መጀመሪያ ራስህ ትፈጥረዋለህ፤ ከዚያ ራስህ ለፈጠርከው ክስ ማስተባበያ ታሰባስባለህ። ትክክለኛውን ገምተህ ከሆነ እሰየው። ካልሆነ ደግሞ ማንም ባልጠየቀህ ነገር ላይ ራስህን ስትከላከል ትገኛለህ፤ አንዳንዴም ያልነበረ ጥርጣሬ ትቀሰቅሳለህ። የሙኞዝ ቤተሰብ በወሮበሎች ቡድን ጉዳይ ፍርድ ቤቶች ምስክርነቱን የሚቀበሉት ባለሙያ ንቅሳቶቹን እንዲመረምሩ አደረገ። ባለሙያው አንዳቸውም ከየትኛውም ቡድን ጋር እንደማይያያዙ በቃለ መሐላ ጻፉ። አንድ የኮንግረስ አባልም ለአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላኩላቸው።

መልሱ አልተለወጠም። መሥሪያ ቤቱ በቆንስላው ውሳኔ እንደሚስማማ አሳወቀ። ከሳን ሳልቫዶር የመጣው ደብዳቤም ማመልከቻው በስንት እጅ እንዳለፈ ይዘረዝራል፦ በቆንስላው የኢሚግሬሽን ቪዛ ክፍል፣ በኃላፊዎቹ፣ በዋና ቆንስሉ፣ በዋሽንግተን ባለው የቪዛ ክፍል፣ በሕግ ባለሙያዎቹ። አንዳቸውም ውሳኔውን የሚያስለውጥ ነገር እንዳላገኙ ይገልጻል። ይህን ደብዳቤ ሳስበው እጅግ የሚከብደኝ ዝርዝሩ ነው። ያን ያህል ዓይን ያየውን ነገር ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሁለቱ ሰዎች ብቻ አላዩትም።

ለምን አልነገሯቸውም? ሕጉ አያስገድድም። ቪዛ ሲከለከል አመልካቹ የተከለከለበትን ድንጋጌ እንዲያውቅ የሚያዘው ደንብ፣ በወንጀልና በጸጥታ ምክንያት ለሚደረግ ክልከላ አይሠራም፤ ኮንግረስ ራሱ ከግዴታው ውጭ አድርጎታል። የቪዛ መዝገብም በሕግ ምሥጢር ነው። በዚህ ላይ የቆንስላ ውሳኔን ፍርድ ቤት አይመረምርም የሚለው የቆየ የሕግ መርህ አለ። ከዚህ መርህ ያለችው ቀዳዳ ጠባብ ናት። በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኧርነስት ማንዴል የተባሉ ቤልጂጋዊ ማርክሲስት ምሁር ቪዛ በተከለከሉበት ጉዳይ ሲወስን፣ ክልከላው የአሜሪካ ዜጎችን ሕገ መንግሥታዊ መብት የሚነካ በሚሆንበት ጊዜ መንግሥት «በገጽታው ሕጋዊና በቅን ልቦና የተሰጠ» ምክንያት ካቀረበ ፍርድ ቤት ከዚያ አልፎ አይመረምርም ብሏል። ወይዘሮ ሙኞዝ ሊገቡ የሞከሩት በዚህች ቀዳዳ ነው። የተነካው መብት የእኔ ነው፤ ትዳሬ ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ ምክንያቱ ይነገረኝ አሉ።

ምክንያቱ ሲመጣ

በጥር 2017 ክስ መሠረቱ። የመጀመሪያ ደረጃው ፍርድ ቤት የመንግሥትን መቃወሚያ ሳይቀበል ቀርቶ ማስረጃ እንዲቀርብ አዘዘ። በኅዳር 2018 አንድ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የሕግ አማካሪ በቃለ መሐላ የተደገፈ መግለጫ አቀረቡ። ፍሬ ነገሩ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ይገባል፦ የቆንስላው መኮንን ከቃለ መጠይቁ፣ ከወንጀል ነክ ማጣራትና ከንቅሳቶቹ ምርመራ ተነሥቶ አመልካቹ የኤምኤስ-13 አባል ናቸው ብሎ ለማመን የሚያበቃ መነሻ አግኝቷል።

ክልከላው ከተሰጠ ሦስት ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ቀርቶት ነበር።

መንግሥት ለምሥጢራዊነት የሚያቀርበው መከራከሪያ ዋጋ የሌለው አይደለም። ጠቋሚ ሰው ሊጋለጥ ይችላል፤ በሌላ አገር መንግሥት አደራ የተሰጠ መረጃ ሊወጣ ይችላል፤ ወንጀለኛ ቡድን ምን እንደታወቀበት ሊረዳ ይችላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ያቺን ዓረፍተ ነገር መልሳችሁ አንብቧት። የጠቋሚ ስም የለባትም፤ የምርመራ ዘዴ አትገልጽም፤ ምንም ምሥጢር አታወጣም። በ2018 በአደባባይ ሊነገር የቻለ በ2015 የማይነገርበት ምክንያት አይታየኝም። ያኔ ተነግሮ ቢሆን ኖሮ ባልና ሚስቱ ያንን ሁሉ ወር በግምት አያባክኑትም ነበር። የባለሙያው ቃል ከክልከላው በፊት፣ መኮንኑ አቋም ሳይዝ፣ ሊደርስ ይችል ነበር። አንድ ውሳኔ አምስት ቢሮ ከፈረመበት በኋላ የሚቀርብ ማስረጃ፣ ብዕር ሳይነሣ ከሚቀርብ ማስረጃ ጋር ክብደቱ እኩል አይደለም። ስለዚህ ነው መዘግየቱን እንደ ተራ የቢሮ ቀርፋፋነት ልቆጥረው የማልችለው። ምክንያትን ማወቅ የሚጠቅመው መልስ መስጠት በሚቻልበት ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ ካለፈ የሚሰማው የሥራ አስፈጻሚው ድምፅ ብቻ ነው።

መንግሥት ከመግለጫው ሌላ ለዳኛው ብቻ በዝግ የሚታይ የሕግ አስከባሪዎች መረጃ አቀረበ፤ ባልየውን የቡድኑ አባል ናቸው የሚል። ዳኛው አይተው በቂ ነው አሉ፤ በ2021 ለመንግሥት ፈረዱ። መረጃው ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሰጠው፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ ሚስትየው ማወቅ አልቻሉም። ጠንካራ ሊሆን ይችላል፤ ደካማም ሊሆን ይችላል። ፍርድ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ወክለው ቢቆሙ ኖሮ ጠበቃዋ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነበር።

በ2022 የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረ። ዜጋዋ በትዳራቸው ላይ በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ መብት አላቸው፤ የአንቀጽ ቁጥር መጥቀስ ብቻ ምክንያት አይባልም፤ መግለጫውም እጅግ ዘግይቷል፤ ስለዚህ መንግሥት «ፍርድ ቤት አይመረምረኝም» በሚለው መርህ ሊከለል አይችልም አለ። መንግሥት ይህን ይዞ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ።

የሰኔ 21 ቀን 2024 ውሳኔ

ውሳኔው ስድስት ለሦስት ነበር። የአምስቱን ዳኞች አስተያየት የጻፉት ዳኛ ኤሚ ኮኒ ባሬት ናቸው። ጥያቄውን ያስቀመጡበት መንገድ ውጤቱን ወሰነው ማለት ይቻላል። የማግባት መብት እዚህ አልተነካም፤ ወይዘሮ ሙኞዝ የሚሉት የውጭ ዜጋ ባለቤቴ ወደ አገሩ ይግባልኝ ነው፤ ይህ ደግሞ በአገሪቱ ታሪክና ልማድ ሥር የሰደደ መሠረታዊ መብት አይደለም አሉ። ኮንግረስ ለቤተሰብ ብዙ ጊዜ አዝኗል፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1945 የወታደሮች ሚስቶች በቀላሉ እንዲገቡ የወጣውን ሕግ የመሰለ አለ። ያ ግን ችሮታ ነው፣ መብት አይደለም ባይ ናቸው።

ዳኛ ኒል ጎርሰች በውጤቱ ተስማሙ፤ መንገዱን ግን አልተከተሉም። ምክንያቱ ከዘገየም በኋላ ተነግሯል፤ ስለዚህ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል አሉ። ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር ከኤሌና ኬገንና ከኬታንጂ ብራውን ጃክሰን ጋር ሆነው ሐሳባቸውን በልዩነት አሰፈሩ። ጉዳዩን በጠባቡ መጨረስ ሲቻል ብዙኃኑ የትዳርን መብት አሳንሷል፤ በሌላ አገር ተዛውረው አብረው መኖር የማይችሉ ጥንዶች ሸክሙን ይሸከሙታል ሲሉ ጻፉ።

እኔ ከዳኛ ጎርሰች መንገድ የሚገኘውን ቁጥብነት እመርጥ ነበር። ክርክሩ የተነሣው ምክንያት ይነገረን በሚል ነው፤ የተዘጋው ግን ከዚያ እጅግ የሰፋ ነገር በመወሰን ነው። በ2015 በፋውዚያ ዲን ጉዳይ ይህንኑ ጥያቄ ፍርድ ቤቱ ሳይቋጨው ነበር ያለፈው። ዲን ትውልዳቸው አፍጋኒስታን የሆነ አሜሪካዊት ናቸው፤ ባለቤታቸው በታሊባን ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ ቪዛ ሲከለከሉ የተጠቀሰው የሽብርተኝነት ድንጋጌ ብቻ ነበር። ያኔ አብላጫ ድምፅ ያገኘ የጋራ ሐሳብ ስላልነበረ ቀጣዮቹ ዜጎች ለመከራከር ክፍተት ነበራቸው። ከሰኔ 2024 በኋላ ያ ክፍተት የለም።

ውሳኔው ሲነበብ ባልየው ከቤታቸው ከወጡ ዘጠኝ ዓመት አልፏቸው ነበር። ያሉበትም አገር በመጋቢት 2022 በወሮበሎች ቡድኖች ላይ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ የታወጀበት፣ ሰው በንቅሳቱ የሚጠረጠርበት ኤል ሳልቫዶር ነው። የአሜሪካ መንግሥት የኤምኤስ-13 አባል ናቸው ብሎ በመዝገብ ያሰፈራቸው ሰው እዚያ አገር ምን ተሰምቷቸው እንደሚኖሩ ለመረዳት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ከዚህ ጉዳይ ተነሥቼ በተመሳሳይ መንገድ ላይ ላሉ ባልና ሚስት የምለው ዋናው ነገር ከጉዞው በፊት ስላለው ጊዜ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሆኖ ቆንስላ የሚጠብቀው ሰው፣ መውጫ ትኬት ከመቁረጡ በፊት መንግሥት ስለ እሱ የያዘውን የቻለውን ያህል ይጠይቅ። የራስን የወንጀል ሪከርድ ማጠቃለያ ከኤፍቢአይ ማውጣት ይቻላል፤ የኢሚግሬሽን ፋይል ቅጂም በመረጃ ነፃነት ሕጉ ይጠየቃል። ሁሉም ነገር አይገለጥም፤ ግን የተረሳ እስር፣ የተሳሳተ ስም፣ ከሌላ ሰው ጋር የተምታታ መዝገብ ካለ ቀድሞ መታየቱ ትልቅ ነገር ነው። ንቅሳት ያለው ሰው ትርጉሙንና የተነቀሰበትን ዘመን የሚያስረዳ ጽሑፍና የባለሙያ ቃል ከቃለ መጠይቁ በፊት ያዘጋጅ። ክልከላው ከመጣም በኋላ አንድ ዓመት አለ፤ ክልከላው በተሰጠ በአንድ ዓመት ውስጥ የተከለከለበትን ምክንያት የሚያስተባብል አዲስ ማስረጃ ካቀረበ ቆንስላው እንደገና ማየት እንዳለበት ደንቡ ያዛል፤ አዲስ ክፍያም አይጠየቅም። ያ ዓመት በደብዳቤ በመለማመጥ ብቻ ማለፍ የለበትም። እያንዳንዱ የሚላክ ወረቀት ቀን ይኑረው፤ የደረሰበት ማረጋገጫም ይቀመጥ። የሙኞዝ ቤተሰብ ማን መቼ ምን እንዳለ በቀን በቀኑ ማሳየት ባይችል ኖሮ፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ስለ መዘግየት አንድም ቃል ሊጽፍ ባልቻለ ነበር።

ከሁሉም በላይ ደጋግሜ የማስበው ግን አንድ የቆየ ጉዳይ አለ። ኤለን ክናውፍ የተባሉ በጀርመን የተወለዱ ሴት የአንድ አሜሪካዊ የቀድሞ ወታደር ሚስት ነበሩ። በ1948 በመርከብ ኒውዮርክ ሲደርሱ ኤሊስ ደሴት ላይ ተያዙ፤ ለጸጥታ ያሰጋሉ ተባለ፤ ምን እንዳደረጉ ግን ማንም አልነገራቸውም። በ1950 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መንግሥት ምክንያቱን ሳይገልጽ ሊከለክላቸው ይችላል ብሎ ፈረደ። ሕዝቡና ጋዜጦች ግን ዝም አላሉም። በመጨረሻ ቃላቸው የሚሰማበት ችሎት ተፈቀደላቸው፤ ማስረጃው በገሃድ ሲቀርብ ከሰሚ ሰሚ የተወራ ሆኖ ተገኘ፤ በ1951 ወደ ባላቸው ገቡ። የ1950ው ፍርድ ግን እስካሁን በሕግ ይጠቀሳል፤ ዳኛ ባሬትም ጠቅሰውታል። በሎስ አንጀለሱ ዳኛ ፊት በዝግ የቀረበው መረጃ በሙኞዝ ቤተሰብ ፊት አልተከፈተም።